የነብር ተራ

ዘንድሮ የነብር ተራ የደረሰው እኛ ቤት ነው። እኛ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። ባለቤቴ ሰዓዳ የሰፈሩ የውሃ እናት ናት፤ ጎህ ሲቀድ ጫካው ውስጥ ወዳለው ምንጭ ወጥታ ውሃውን ለሠላሳ ቤት የምትከፍተው እሷ ስለሆነች ከሌላ ግዳጅ ነጻ ናት። ስለዚህ ነብሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ወረቀቱን ያመጣችልኝ የሚዛን ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ "እንኳን ደስ አለዎት" ስትለኝ ምን እንደሚባል ግራ ገብቶኝ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኳት።

ይመር እባላለሁ። ጭሬ በር አደባባይ ላይ ጸጉር ቆራጭ ነኝ። መቀሱ ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራዬ ወሬ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ወሬ በጆሮዬ አስገብቼ በአፌ ሳወጣ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰባት ቀን አፍህን ዘግተህ ጫካ ውስጥ ተንጎራደድ ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ግን ተራ ተራ ነው። እምቢ ያለ ቤት የውሃ ተራው ለዓመት ይዘለላል። የውሃ እናት ቤት ውሃ ተከለከለ ቢባል ሰዓዳ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች?

ነብር እኛ አገር ካለቀ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔ በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ድኩላውና ሚዳቋው የሚፈራው ሲያጣ ከጥሻው ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ እንደ ፍየል ይግጥ ጀመር። የበቀለው ችግኝ ሁሉ ክንድ ሳይሞላ ተቀነጠበ። ዝንጀሮው ደግሞ የቀረውን ላጠው። ትልልቆቹ ዛፎች እያረጁ ሲወድቁ የሚተካቸው ጠፋ፤ ዳገቱ ተራቆተ፤ ምንጩም ከየካቲት እስከ ሰኔ ይደርቅ ጀመር። ለካ ምንጩን ይጠብቅልን የነበረው ነብር ኖሯል! ማን አስቦት?

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የጫካውን ሚዛን የሚቆጣጠረው የሚዛን ጽሕፈት ቤት መጣና ነብርነቱን ለኛ አከፋፈለን። መግደል የለም፤ ማስፈራራት ብቻ። በየሳምንቱ ከከተማው ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይወጣል፤ ተራው ዞሮ አንድ ቤት እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ሠርቷል። ድኩላው ወደ ጥሻው ተመለሰ፤ ችግኙ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ምንጩም ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል። እኔ ግን ነብር ሆኜ አላውቅም። ያለፈው ተራ ሲደርሰን የወጣችው ሰዓዳ ነበረች፤ ያኔ ገና የውሃ እናት አልነበረችም።

"ከባድ ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምንም አይልም" አለችኝ። "አፍህን ከዘጋህ።"

ሦስት ቀን ቀድሜ ሳሙና አቆምኩ። ሽቶ፣ የጸጉር ቅባት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁብኝ። በዋዜማው ብሩክታዊት የምትባለው የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ዕቃውን አስረከበችኝ፦ ነጠብጣብ ያለበት ካፖርት፣ ሶሉ የነብር ዳና የሚያትም ጫማ፣ ደረት ላይ የሚታሰርና እንደ መጋዝ የሚያጉረመርም ሣጥን፣ ከጉልበት ጀርባ የሚቀባ ቢጫ ውሃ። የቢጫው ውሃ ሽታ እዚህ አይጻፍም። በየቀኑ በየት በኩል እንደምዞር የሚነግረኝ እጄ ላይ የታሰረው ነገር ነው፤ አንድ መንገድ ሁለቴ አይሰጥም። ዛፎቹ ላይ ጆሮ የምንላቸው ድምፅ መቅጃዎች ተሰቅለዋል። እንስሳቱ ምን ያህል እንደሮጡ፣ ምን ያህል እንደጮሁ እየሰሙ ቁጥር ያወጣሉ፤ ቁጥሩ በየማለዳው ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል። የፍርሃት ቁጥር እንለዋለን። ከሰባ በላይ ከሆነ ሰላም ነው።

"አንቀጽ ዘጠኝን ያስታውሱ" አለችኝ ብሩክታዊት። "ነብር አይናገርም። አያፏጭም። አያንጎራጉርም። ሰላምታ አይሰጥም።"

"ለማን ነው ሰላምታ የምሰጠው? ለድኩላ?"

አልሳቀችም። ልጅቱ ሳቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጫካው በር ደረስኩ። እዚያ አያ አራጋው ቁጭ ብለዋል። አያ አራጋው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቀፎዎቻቸውን የሰቀሉት ምንጩ ዙሪያ ካሉት ዛፎች ላይ ስለሆነ ማለዳ ማለዳ ጫካው በር ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ጸጉራቸውን የምቆርጣቸው እኔ ነኝ፤ አባቴን የገነዙት እሳቸው ናቸው። ካፖርቱን ለብሼ፣ ደረቴ እያጉረመረመ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አለፍኳቸው።

"ይመር አይደለህ?" አሉኝ።

ዝም።

"ይመር! ምን አደረግኩህ ልጄ?"

ዝም ብዬ ሄድኩ። ወላሂ፣ ጀርባዬ ነው የተቃጠለው። የዚያን ቀን ፈርቶ የሮጠልኝን ድኩላ አላስታውስም፤ የአያ አራጋውን ድምፅ ነው የማስታውሰው። ከሰዓት ቤት ስገባ ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አያ አራጋውን ምን ብለሃቸው ነው? እንባ እስኪተናነቃቸው ድረስ ከፍቷቸዋል።"

"ምንም አላልኳቸውም።"

"እሱማ ነው! ሽማግሌ ዘግተህ የምታልፈው አንተ ሰው ነህ ምንድነህ?"

"ነብር ነኝ።"

"ወግድ!" አለችና ገባች።

በሁለተኛው ቀን አላስቻለኝም። ግራ ቀኝ አየሁና፣ ደረቴ ላይ ያለውን ሣጥን በእጄ አፍኜ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ "እንዴት አደሩ አያ አራጋው" አልኳቸው። ፊታቸው በራ። "እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት አደርክ ልጄ፣ ሰዓዳ ደኅና ናት፣ ሥራ ደኅና ነው፣ ጤናው፣ ጉልበቱ..." ቀጠሉ። እኔም መለስኩ። ምን ላድርግ? ሰላምታ ተጀምሮ መሃል ላይ አይቆረጥም። ንቦቹንም ጠየቅኳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በአራተኛውም እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ ነገሩ ግራ ያጋባኝ። ከምንጩ በላይ ያለችው ገላጣ ላይ አንዲት ድኩላ ቆማለች። ሣጥኔን ከፈትኩ፤ መጋዙ አጉረመረመ። ድኩላዋ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች። አሥር እርምጃ ተጠጋሁ። ጆሮዋን ነቀነቀች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ዋርካው ላይ የነበሩት ዝንጀሮዎች ወርደው፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ቁንጫ እየተለቃቀሙ ያዩኛል። ዝንጀሮ ሲታዘብህ ታውቃለህ? እንደ አማች ነው የሚያይህ። ዘለልኩ። አጓራሁ። አንዱ አዛጋ።

በማግስቱ ማለዳ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን አየሁ፦ ሠላሳ አንድ።

እኔ ሰነፍ ነብር ነኝ ብዬ ተቀበልኩት። ካፖርቱ አልገጠመኝ ይሆናል፣ ቢጫው ውሃ አርጅቶ ይሆናል አልኩ። ወረቀቱን ለማየት የመጣው ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ዞሮ ይሄዳል። 

በአራተኛው ቀን ብሩክታዊት ቤታችን መጣች። ከሰዓዳ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችንና ዛፎቹ ላይ ያሉት ጆሮዎች የቀዱትን አሰማችን። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ ነው፦ "እንዴት አደሩ አያ አራጋው።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አንቀጽ ዘጠኝ" አልኩ፣ እሷ ከማለቷ በፊት።

"ይቀጥላል" አለች።

ቀጠለ። ያለፈው ሳምንት ነብር የነበረው የእንጨት ሠራተኛው ድምፅ፦ "እንዴት አደሩ አያ አራጋው።" ከእሱ በፊት መምህርቷ። ከእሷ በፊት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፤ እሱ ጭራሽ ቁጭ ብሎ ስለ ጎረቤቱ ክስ አወራላቸው። ወደ ኋላ እየሄደች፣ እየሄደች፣ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደችና አንድ የሴት ድምፅ መጣ፦ "አያ አራጋው፣ እንዴት አደሩ፣ ንቦቹ እንዴት ናቸው፣ ዘንድሮ ማሩ ነጭ ነው ቀይ?"

ሰዓዳን አየኋት። መሬት መሬት አየች።

"'አፍህን ከዘጋህ' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"እሳቸውን ዘግቼ ላልፍ ነው? አበድክ እንዴ?"

"በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከወጡት ነብሮች መካከል ሰላም ሳይል ሳምንቱን የጨረሰ አንድም የለም" አለች ብሩክታዊት። "እያንዳንዱ ደንቡን የጣሰው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።" እሷም ግራ የተጋባች መሰለችኝ፤ እስክሪብቶዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። "ድኩላዎቹ የተማሩት አንድ ነገር ነው። ነብር ያጉረመርማል፤ ከዚያ የሰው ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ ምንም አይፈጠርም። ይሄን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ቁጥሩ የወረደው ቀስ እያለ ነበር። አምና ሐምሌ ጎርፉ ታችኛውን ገደል ሲንደው ግን እታች ይኖሩ የነበሩት ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ምንጩ ዙሪያ ተጨናነቁ። አሁን አንዱ ያወቀውን ሌላው በሳምንት ያውቀዋል።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ሞት የሌለበት ፍርሃት ይረሳል" አለች፣ ከወረቀት ላይ እንደምታነብ። "ሁለት መንገድ ነው ያለው። በቀሩት ሦስት ቀናት ውስጥ ሌሎቹ እያዩ አንድ ድኩላ መግደል አለብዎት። ደንቡ ይፈቅዳል፤ የማስታወሻ እርምጃ ይባላል። ካልሆነ እውነተኛው ይለቀቃል።"

"እውነተኛው ምን?"

"ነብር።"

ሰዓዳ ቀና አለች። እኔ ነብር አልቋል ብዬ ነው የኖርኩት፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝም እንደዚያ ነው። "ከየት የመጣ ነብር?" አልኳት።

"እሱ የኔ ክፍል አይደለም።"

"ሰዓዳ እኮ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ነው እዚያ ምንጭ የምትወጣው።"

"ሰው እንደማያጠቃ ተረጋግጧል።"

"በማን?"

"ባረጋገጡት ሰዎች" አለችና እስክሪብቶዋን ዘጋች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ልል ነበር፤ ግን ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነቃ ሰዓዳ ቀድማ ወደ ምንጩ ሄዳ ነበር፤ አልጋው ላይ የእሷን ቦታ ስዳብስ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ነው ነገሩ የገባኝ። ሠላሳ ቤት ውሃ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ይዘንብ፣ ይብረቅ፣ ቀርታ አታውቅም፤ ነብር አለ ብላም አትቀርም። ስለዚህ ድኩላውን እገድላለሁ አልኩ። ለሷ ሲባል የአንድ ድኩላ ነፍስ ምን ይከብዳል?

በስድስተኛው ቀን ብሩክታዊት የሰጠችኝን ጥፍር ቀኝ እጄ ላይ አጠለቅኩት። አራት ስለት ያለው ጓንት ነው። አያ አራጋውን ላለማግኘት ብዬ በሌላ በኩል ዞሬ ገባሁ። ገላጣዋ ላይ ያችው ድኩላ፣ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብለው ሁለት ሌሎች፣ ዋርካው ላይ ዝንጀሮዎቹ። ተመልካች ሞልቷል። ተጠጋሁ። አልሸሸችም። እጄን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ፤ ሙቅ ነው፤ የደም ሥሯ ጣቴ ሥር ይመታል። እኔ ሃያ አራት ዓመት የሰው አንገት በእጄ ይዤ በምላጭ ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድም ሰው አላደማሁም፤ በዚህ እኮራለሁ።

እጄን አነሳሁ። እንግዲህ እኔ በልጅነቴ እንደተማርኩት፣ ነፍስ የሚጠፋው የፈጣሪ ስም ተጠርቶ ነው። ዶሮም ቢሆን። ነብር ግን አይናገርም። እጄ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በልቤ ልበል? በልብ ይበቃል? አባቴ ቢኖር ምን ይለኛል? ሳላስበው ከንፈሬ ቀደመኝና "ቢስሚላሂ" አልኩ።

ድኩላዋ ድምፄን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበችና ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈች።

በቃ። እጄ ወረደ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ እንኳ አላውቅም። ለድኩላዋ ነው? ለሰዓዳ ነው? ዝንጀሮዎቹ ያያሉ።

ቤት ገብቼ ለሰዓዳ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "አብሽር" አለችኝ። "የሚመጣው ይምጣ።" እንዲህ ስትለኝ ይበልጥ አፈርኩ። የሰባተኛው ቀን ቁጥር ሃያ ስምንት ሆነ። ካፖርቱን መለስኩ፤ ፈርሜ ወጣሁ። ቅዳሜ ቀበሌው በር ላይ አንድ መስመር ተለጠፈ፦ "ከዛሬ ጀምሮ የነብር ተራ ተነስቷል። ኅብረተሰቡ እንቅስቃሴውን እንደወትሮው ይቀጥል።"

እንደወትሮው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓዳን ብቻዋን አልለቃትም። ጎህ ሲቀድ አብሬያት እወጣለሁ፤ እሷ ውሃውን ትከፍታለች፣ እኔ ጀርባዋን እጠብቃለሁ። አያ አራጋውም ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ብለው ከእኛ ጋር ሆኑ። አቁመው ቢተዉትስ ብያቸው ነበር፤ "ቀፎዬን ለማን ትቼ" አሉኝ። ሦስታችን እየተጠባበቅን እንሄዳለን።

ነብሩን ያየ የለም። የመጣው ሌላው ነው። ማስታወቂያው በወጣ በሦስተኛው ቀን አንዲት ሚዳቋ ጸጉር ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በአራተኛው ቀን ዝንጀሮዎቹ በየጣራው ላይ ተደርድረው ዋሉ፤ አይሰርቁ፣ አይረብሹ፣ ዝም ብለው ወደ ጫካው ያያሉ። በአምስተኛው ቀን ድኩላ ብቻውን የሚኖር እንስሳ መሆኑ ቀረ። ስምንት፣ አሥር ሆነው በየአጥሩ ጥግ ይቆማሉ። ሰው ሲያልፍ አብረውት ያልፋሉ፤ ሰው ሲቆም ይቆማሉ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አራት ድኩላ ተከትሎት ገበያ ደርሶ ተመለሰ። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቁ ቀረ።

ወደ ብሩክታዊት ሄድኩ። "ምንድነው ይሄ?"

"ውጤት ነው" አለችኝ። ያን ቀን ፈገግ ስትል አየኋት። "የፍርሃቱ ቁጥር ዘጠና ስድስት ገብቷል። ጫካው ባዶ ነው፤ ችግኝ የሚቀነጥብ የለም።"

"እኛ ቤት እኮ ናቸው!"

"ሰው አይገድላቸውም፤ ነብሩ ደግሞ ሰው ወዳለበት አይጠጋም ብለው ያስባሉ። ከእናንተ ጎን መሆን ይሻለናል ብለው ነው።"

"እውነታቸውን ነው? ነብሩ ወደ ሰው አይጠጋም?"

ወረቀቷን አገላበጠች። "የሚበላው ወደሄደበት ይሄዳል" አለች።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የጠየቅኳት ቀን ሁሉ ይበልጥ ግራ ገብቶኝ ነው የወጣሁት።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ሰዓዳ በሩን ከፈተችና ቆመች። ግቢው ሞልቷል። ሃያ ያህል ድኩላ፣ በመሃላቸው ሚዳቋ፣ አጥሩ ላይ ዝንጀሮዎች። ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ቁልቋሉ አጥር ያያሉ። ድምፅ የለም። ደንግጬ በሩን ልዘጋው ስል ሰዓዳ ያዘችኝ።

"ሠላሳ ቤት ይጠብቃል" አለች።

"ዛሬ አንድ ቀን ቢቀር..."

"ነገስ?"

 ወጣን። ስንንቀሳቀስ እነሱም ተንቀሳቀሱ። መሃላቸው ገባን፤ ወይም እነሱ ዙሪያችንን ያዙን፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። መንገዱ ላይ አያ አራጋው ምርኩዛቸውን ይዘው ይጠብቁናል። መንጋውን ሲያዩ ግራ ተጋብተው ሳቁ። "ሠርግ ነው እንዴ?" አሉ።

ከኋላ ተቀላቀሉን። ጫካው ውስጥ መንገዱ ይጠባል። ሰዓዳ መሃል ናት፤ እጇን ይዣለሁ። በግራዬ አንድ ድኩላ፣ በቀኜ አንድ፣ ትከሻቸው ጭኔን ይነካኛል። ሙቀታቸው ደስ ይል ነበር፤ ይሄን እናገራለሁ። አያ አራጋው ጉልበታቸው ስለማይፈቅድላቸው ወደ ኋላ እየቀሩ፣ እየቀሩ፣ የመንጋው ጫፍ ላይ ደረሱ። ሰዓዳ ዞር ብላ አየቻቸው።

"አያ አራጋውን ወደ መሃል አምጣቸው እንጂ" አለችኝ።

"መንገዱ ጠባብ ነው" አልኳት።

ጠባብ አልነበረም። በግራዬ ያለውን ድኩላ በክንዴ ገፋ ባደርገው ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ቦታ ነበር። ግን እሱ ከሄደ ግራዬ ባዶ ይሆናል። ይሄን ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም፤ እግሬ ነው ያሰበው። ሰዓዳን ጠበቅ አድርጌ ይዣት ፈጠን አልኩ።

ድምፁ ሲመጣ ረጅም አልነበረም። ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ከባድ ነገር ወደቀ፣ ምርኩዝ ድንጋይ ላይ ተንከባለለ። መንጋው አልሮጠም፤ አልቆመምም፤ ይበልጥ ተጠጋጋ እንጂ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ። አልዞርኩም። ሰዓዳ ልትዞር ስትል ጎተትኳት።

ምንጩ ጋ ስንደርስ እንስሳቱ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ደፍተው መጋጥ ጀመሩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሰዓዳ እጄን መንጭቃ ወደ መጣንበት ሮጠች። ተከተልኳት። ምርኩዙን መንገዱ ላይ፣ አያ አራጋውን ከመንገዱ አሥር እርምጃ ገባ ብሎ አገኘናቸው። ነብሩ አልነበረም። ሰዓዳ ነጠላዋን አውልቃ ከነፊታቸው ሸፈነቻቸው። እዚያው ቁጭ ብላ ጮኸች፤ ሰው እስኪመጣ ድረስ ጮኸች። ከዚያ ተነስታ ሄዳ ውሃውን ከፈተች።

ከሰዓት ብሩክታዊት ቅጽ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አልቅሳለች ብዬ አምናለሁ። ነብሩን ሊወስዱት ነው፣ አይወስዱትም፣ ገና እየተነጋገሩ ነው አለች። ቅጹ ላይ አሥራ አንድ ጥያቄ አለ። አምስተኛው፣ "ድምፁን ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?" ይላል። "ደነገጥኩ" ብዬ ጻፍኩ።

አልደነገጥኩም። ያ ከባድ ነገር ከኋላችን ሲወድቅ እኔ አይደለሁም፣ እሷም አይደለችም አልኩ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ቤቱ እንደገባ ሰው "እፎይ" አልኩ። በልቤ ሳይሆን በአፌ። ሰዓዳ አጠገቤ ነበረች፤ ሰምታኛለች። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ትወጣለች። አብሬሽ ልምጣ ስላት "ግድ የለም" ትለኛለች።